ሞሚና በሙሉ

በዚያ ዘመን ደሴ ውስጥ አንድ ዘፈን ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ሆኖ አይሰማም ነበር። ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥር ሰውም አልነበረም። ሁሉም ዘፈኑን የሚያገኘው ሰው «ጎተራው» ብሎ ከሚጠራው የአገር ድምፅ ማከማቻ ነው፤ ጎተራው ደግሞ የሚያስቀምጠው ዘፈኑን ሳይሆን የዘፈኑን ዘር ነው። ሰሚ ሲመጣ ዘሩ ይበቅላል። ድምፁ እንደ ሰሚው ስሜት፣ እንደ አየሩ፣ እንደ ሰፈሩ ወሬ ተስተካክሎ ይወጣል። ከሞቱ ብዙ ዓመት ያለፋቸው ዘፋኞች ውሃ ረቡዕ እንደሚመጣ እየዘፈኑ ያስታውሳሉ፤ ሙሽራን በስሟ ያሞግሳሉ፤ አውቶቡስ ውስጥ ለአሮጊት መቀመጫ ልቀቁ ይላሉ። አንድ ዘፈን እንዳጋጣሚ ትናንት እንደነበረው ሆኖ ከመጣ ልጆች «ተበላሽቷል» ብለው ይዘጉታል።

ኢክራም እንድሪስ የምትሠራው ጦሳ ተራራ ላይ ነበር። ከተማው የሚጠጣውን ውሃ ከጉም የሚያልቡት መረቦች እዚያ ተዘርግተዋል፤ እሷ የተቀደደውን ትሰፋለች፣ የሻገተውን ትጠርጋለች። ሃምሳ ዓመት አልፏታል። ባሏን ቀብራለች፤ ልጆቿ አፋር ወርደው ከፀሐይ መብራት የሚሰበሰብበት ማሳ ላይ ሥራ ይዘው ቀርተዋል። ሮቢት ሰፈር ባለው የአባቷ ቤት ከአባቷ ጋር ትኖራለች።

አባቷ አቶ እንድሪስ ይመር በጉብዝናው ጊዜ እዚያው ደሴ አራዳ ላይ ሙዚቃ ቤት ነበረው። ዓለም ካሴትን ሲተው እሱ አልተወም። ሱቁን ሲዘጋ መደርደሪያዎቹን ከነካሴታቸው ቤት አመጣቸው፤ ኢክራም ልጅ ሆና የተኛችው በካሴት ግድግዳ ሥር ነው። አሁን አርጅቶ ሳንባው ደክሟል። አፍንጫው ላይ ቀጭን ቱቦ አለ፤ ቱቦው አልጋው ሥር ከተቀመጠ የኦክስጅን ማሽን ጋር ይገናኛል። ማሽኑ ቀን ከሌት ይተነፍሳል። ኢክራም ከሥራ ስትመለስ ገና በሩን ሳትከፍት ጆሮዋን የምትጥለው እሱ ላይ ነው፤ ማሽኑ ከተሰማ አባቷ አለ ማለት ነው።

መብራት ለየቤቱ የሚሰጠው በድርሻ ነበር። የእነ ኢክራምን ድርሻ አብዛኛውን የሚበላው ያ ማሽን ነው። የቀረው ለምድጃ፣ ለአንድ አምፑልና ከጎተራው ዘፈን ለምትቀበለው ድምፅ ማውጫ ይበቃል። በዚህ ሁኔታ ዓመታት ኖረዋል፤ አልተማረሩም።

በግንቦት አንድ ቀን የማስታወቂያ መኪና ሰፈር ለሰፈር ዞረ። የሚናገረው በጥንት ዘፋኝ ድምፅ ነው፤ ድምፁ ሞቅ ያለ፣ የሚያባብል ነበር። ካሴትም ሆነ ሌላ የድሮ ድምፅ መያዣ ያለው ሁሉ ጢጣ ወዳለው ማስገቢያ ጣቢያ ያምጣ፤ የሚያነቡት ማሽኖች ክረምት ሲገባ ሥራ ያቆማሉ፤ ፕላስቲኩ ለጉም መረብ ይፈለጋል፤ ቤት ውስጥ ማስቀረት አይቻልም።

አቶ እንድሪስ መኪናው እስኪያልፍ ጠበቀና ልጁን ጠራት።

«ኢኩ፣ ሌላውን እንደፈለጉ ያድርጉት። የዘፋኞቹን ሁሉ ዘር ጎተራው ቀድሞ ይዞታል፤ ግድ የለኝም። የእናትሽን ግን በሙሉ አስገቢልኝ።»

«አባ፣ ሙሉ እኮ ከባድ ነው።»

«ይክበድ። እናትሽስ መቼ ቀላል ሴት ነበረች?»

እናቷ ሞሚና የሞተችው ኢክራም አፏን ሳትፈታ ነው። ዘፈን ሙያዋ አልነበረም፤ ግን የሰፈሩ ሠርግ ያለ እሷ አይደምቅም ነበር ይባላል። አቶ እንድሪስ አንድ ከሰዓት ሱቁ ውስጥ ደንበኛ ሳይኖር ቀድቷት ነበር። ካሴቷ አንድ ናት። በተጫወተች ቁጥር ከክሯ ላይ ቡናማ ብናኝ ስለሚራገፍ ብዙ ዓመት አላጫወታትም፤ ኢክራምም አንድ ቀን ሰምታት አታውቅም። ስትጠይቀው «ሲደርስ ትሰሚያታለሽ» ይላት ነበር። መቼ እንደሚደርስ ነግሯት አያውቅም።

ጢጣ ያለው ጣቢያ የድሮ የእህል መጋዘን ነው። ኢክራም ካርቶኖቹን በጋሪ አስጭና ሄደች። ተረኛው ሶፎንያስ የሚባል ረጋ ያለ፣ ጥፍሩ የተከረከመ፣ ሰው ሲያናግር ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ሠራተኛ ነው። ካሴቶቹን አንድ በአንድ ለማሽኑ ያሳያል፤ ማሽኑ ያሸታቸው ይመስል አፍታ ይቆይና አረንጓዴ ያበራል።

«ይህ አለን» ይላል ሶፎንያስ፤ ካሴቱን ወደ መፍጫው ይገፋዋል። «ይህም አለን። ይህም።»

መፍጫው የሚሰጠው ድምፅ በቆሎ የሚያኝክ ከብት ዓይነት ነበር። አባቷ ዕድሜውን የሰበሰበው መደርደሪያ በዚያ ሁኔታ አለቀ። ኢክራም አላዘነችም፤ አባቷም ግድ የለኝም ብሏል። የመጨረሻዋን ካሴት ከጉያዋ አወጣች። ማሽኑ አሸተታት፤ አረንጓዴው አልበራም።

ሶፎንያስ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። «ይቺ የለችንም። ማን ናት?»

«እናቴ።»

«በምን ዓይነት እናስቀምጣት?»

«ልዩነቱን በደንብ ንገረኝ ልጄ።»

«ሙሉ ከሆነ ካሴቱ ላይ ያለው ሁሉ እንዳለ ይገባል። ድምፅዋም፣ ሳሏም፣ በር የዘጋ ሰው ካለ በሩም። ለዘላለም አይለወጥም። ዘር ከሆነ የድምፅዋ ጠባይ ተጠንቶ ይያዛል፤ የቀረው ይጣላል። ከዚያ ሰሚ ሲመጣ እንደ አዲስ ትዘፍናለች። ዘር ክብደት የለውም፣ እናቴ። ሙሉ ግን ከቤት የመብራት ድርሻ ላይ ይነሳል።»

«መካከለኛ የሚሉት ነበር አይደል?»

«አምና ተዘጋ።»

ስንት እንደሚነሳ ጠየቀችው። ግድግዳው ላይ አሳያት። የራሷ ቤት በሥዕል መጣ፤ ምድጃዋ፣ አምፑሏ፣ የአልጋው ሥር ማሽን ሳይቀር። ሶፎንያስ ጣቱን አንቀሳቀሰ። አምፑሉ ጠፋ፣ ምድጃው ጠፋ፤ ቀጥሎ ማሽኑ ቀላ።

«ኦክስጅኑ ከቀትር በኋላ ይቆማል» አለ፤ ድምፁን ይበልጥ ዝቅ አድርጎ።

«ለስንት ጊዜ?»

«ሙሉው ጎተራ ውስጥ እስካለ ድረስ።»

ባለፈው ክረምት መብራት ተቋርጦ ነበር። አባቷ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ተክሎ፣ አየር ከሩቅ ቦታ እንደሚጎትት ሰው አፉን ከፍቶ ሲታገል አይታዋለች። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ ነበር። መብራት ሲመጣ ያለው ነገር «አብሽሪ፣ ገና ነኝ» ብቻ ነው። ኢክራም ያን ከንፈር አሰበች። በአንድ በኩል ሰምታት የማታውቅ ሴት አለች፤ በሌላ በኩል ዛሬ ጠዋት ሻይ ያጠጣችው ሰው አለ። ቀላል መሰላት። ቀላል ስለመሰላትም አፈረች።

«ዘር አድርገው።»

ማሽኑ ካሴቷን ዋጣት። የሚያነበው በፍጥነት ስለሆነ ቃል አይለይም፤ ንብ የወረረው ቀፎ ዓይነት ጩኸት ተሰማና ጸጥ አለ። ኢክራም እናቷን በዚያ ጩኸት ውስጥ ፈለገቻት። ካሴቷ ስትወጣ እጇን ዘረጋች፤ የሶፎንያስ እጅ ግን ለምዶበት ኖሮ ቀድሟት ወደ መፍጫው ገፍቷት ነበር።

«ይቅርታ፣ እናቴ» አለ፤ ከልቡ ነበር።

ቤት ስትደርስ አባቷ ትራስ ተደግፎ ይጠብቃታል።

«በሙሉ?»

«በሙሉ፣ አባ።»

«ድርሻችንስ?»

«ትንሽ ነው የነካው። ምድጃውን እንቆጥባለን።»

ድምፅ ማውጫዋን ከፈተችለት። ሞሚና ዘፈነች። ድምፁ የጠራ ነው፤ ከምንጭ የተቀዳ ውሃ በጠርሙስ ሲታይ ዓይነት። ኢክራም ሃምሳ ዓመት ካለፋት በኋላ እናቷን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማቻትና እንባዋ መጣ። አቶ እንድሪስ ዓይኑን ጨፍኖ አንገቱን ወደ ድምፁ ዘንበል አደረገ። ዘፈኑ ሲያልቅ ዓይኑን ገለጠ።

«ጥርት ብላለች» አለ። «አላህ ይስጥሽ፣ ልጄ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘፈኑ የቤቱ ልማድ ሆነ። ኢክራም ከጦሳ ወርዳ እጇን ስትታጠብ አባቷ «ክፈቻት» ይላል፤ ትከፍታለች። ሞሚና አንድ ቀን በአምባሰል፣ ሌላ ቀን በባቲ ትዘፍናለች። ዝናብ ሲዘንብ ድምፅዋ ይቀዘቅዛል፤ አባቷ ሲከፋው ታጽናናለች። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል፤ ከዚያች ከመጀመሪያዋ ቃል ሌላ ግን ምስጋናም ሆነ ወቀሳ አልተናገረም። ኢክራም ዝምታውን እንደ እርካታ ቆጠረችው። እንደዚያ መቁጠር ያስፈልጋት ነበር።

አንድ ቀን ድስት እያጠበች ሳለ ሞሚና እንዲህ ስትል ሰማች፤

የጦሳ ጉም ወርዶ መረብ ላይ ሲያድር፣
ልጄ ትቀዳለች ጠብታ ስትቆጥር።

የኢክራም እጅ ውሃው ውስጥ ቀረ። እናቷ ስትሞት ጦሳ ላይ መረብ አልነበረም። ቀስ ብላ ዞራ አባቷን አየችው። ዓይኑ እንደተጨፈነ ነው። ማሽኑ ይተነፍሳል፤ ቱቦው አፍንጫው ላይ አለ፤ ደረቱ ይነሳል፣ ይወድቃል። ግጥሙን የሰማው አልመሰለም። ኢክራም ድስቷን ማጠብ ቀጠለች።

በማግስቱ አቶ እንድሪስ ለዓርብ የሚለብሰውን ነጭ ጀለቢያ አስወጣ። ወዴት ነው ስትለው «ልብሱን አየር ይንካው ብዬ ነው» አላት። እሷ ተራራ ከወጣች በኋላ በእጅ የምትያዘውን፣ ለአንድ ጉዞ ብቻ የምትበቃውን ትንሿን የኦክስጅን ሲሊንደር ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ፣ በየአጥሩ እየተደገፈና እያረፈ አውቶቡስ ፌርማታው ደረሰ። ጎረቤቶች ኋላ እንደነገሯት፣ እንርዳዎት ሲሉት በእጁ ብቻ ሰላምታ ሰጥቶ አልፏል፤ ለመናገር ትንፋሽ መቆጠብ እንደሚፈልግ ያስታውቅ ነበር።

ኢክራም ስትመለስ በሩ ላይ ቆማ ጆሮዋን ጣለች። ማሽኑ አይሰማም። በሩን በትከሻዋ ገፍታ ገባች። አባቷ ጀለቢያውን እንደለበሰ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል፤ ከንፈሩ ሰማያዊ ነው።

«አባ! መብራት ሄዶ ነው?»

«መብራት አለ» አለ። ቃላቱን በየመሃሉ እያሳረፈ ነው የሚያወጣቸው። «አብሽሪ። እኔው ነኝ ያስቆምኩት። ጢጣ ሄጄ… ሙሉ አስደረግኋት።»

ኢክራም ወለሉ ላይ ተቀመጠች። «አባ፣ ካሴቷ እኮ የለችም። ያን ቀን ዘር ነው ያልኩት። ፈጭተዋታል። ዋሽቼሃለሁ።»

አቶ እንድሪስ እጁን ከጉልበቱ አንሥቶ ራሷ ላይ አሳረፈው። «ተይው። ያለቀ ነገር ነው።»

«ታዲያ ምኑን ነው ሙሉ ያስደረግኸው?»

«ያለውን።»

ኢክራም በማግስቱ ሥራዋን ትታ ጢጣ ሮጠች። ሶፎንያስ የአባቷን ስም ሳትጠራለት ማንን እንደምትል ገባው።

«አሮጌ ሰው አታለልክ!» አለችው። «ዘሩን ሙሉ ብታደርገው የጠፋው ይመለሳል?»

«አይመለስም፣ እናቴ። ከዘር ወደ ሙሉ ሲዞር የሚጨምረው ክብደቱ ብቻ ነው። ዘሩ የሚዘፍነው ሰሚ ሲኖር ስለሆነ ባለቤቱ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል፤ ለእሱ የተዘፈነው ይቀዳል፤ ከዚያ ወዲያ አይለወጥም። ያው ነው።»

«ይህን ነግረኸዋል?»

«ሁለት ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ። ክብደት ብቻ ነው የሚጨምረው ስላቸው ‹ይጨምር› አሉኝ። ኦክስጅንዎ ከቀትር በኋላ ይቆማል ስላቸው ደግሞ ‹ከቀትር በፊት እበቃለሁ› አሉኝ።»

«ሰርዘው።»

«ባለቤቱ በራሳቸው ድምፅ ካልጠየቁ አይሰረዝም።»

ኢክራም አባቷን ለመነችው። ተቆጣችው፣ አለቀሰችበት፣ የሰፈሩን ሽማግሌዎች ጠርታ አስለመነችው። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ሻይ አስቀርቦ፣ ዱዓ አስደርጎ፣ ስለ ገብስ አጫውቷቸው መለሳቸው። ለእሷ የመለሰላት አንድ ቃል ነው። «ትንፋሹ የኔ አይደለም ወይ፣ ኢኩ?»

ያን ሰሞን ኢክራም ምድጃ አልለኮሰችም። በሶ በጥብጣ ጠጣች፣ ቆሎ ቆረጠመች፤ ከጨለመ አምፑል አታበራም። ያተረፈችው ሁሉ ተደምሮ ማሽኑን ከቀትር በኋላ ለጥቂት ጊዜ ያስነሳው ነበር፤ ይነሳል፣ ይተነፍሳል፣ ይቆማል። ትርፍ ድርሻ እንዲሰጣት ለአስተዳደሩ አመለከተች። መልሱ የመጣው በድምፅ ማውጫዋ ነው፤ አንድ የጥንት ድምፃዊ በሚያባብል ዜማ ጥያቄዋ እንደደረሰ፣ ስሟን ጠርቶ፣ አብሽሪ አላት። በሳምንቱ ሌላ ድምፃዊት ያንኑ ነገር አለቻት። ከዚያ ማንም ምንም አላላትም።

አንድ ነገር ገርሟታል። አባቷ ከጢጣ ከተመለሰ በኋላ ዘፈኑን ክፈቻት ብሏት አያውቅም። ያን ያህል የከፈለበትን ነገር አንድ ቀን አልሰማውም። ስትጠይቀው «የኔን ሰምቻለሁ» አለ።

ክረምቱ ገባ። ሐምሌ ላይ ጦሳ በጉም ስለሚሸፈን መረብ ጠባቂ ከተራራው አይወርድም። ጎረቤቶች ሰው የላኩባት አንድ ከሰዓት ነው። ስትደርስ አባቷ ተገንዞ ነበር። ፀሐይ ሳትጠልቅ ቀበሩት። ቀብሩ ላይ ዝናብ ነበረ፤ ሰው ጥላውን ለሬሳው እየዘረጋ ራሱ በሰበሰ።

ከሶደቃው በኋላ ድርሻዋ ተስተካክሎ መጣ። የማሽኑ ተነሥቷል፤ የሞሚና ሙሉ ግን በውርስ ወደ እሷ ዞሯል፤ ካላሰረዘችው ለዘለቄታው ከቤቷ ላይ ይነሳል። ኢክራም ለማሰረዝ ምንም አላመነታችም። አባቷን የገደለው ያ ሙሉ ነው። ከዚያ በኋላ ከተራራ በወረደችበት በመጀመሪያው ቀን ጭቃ በጫማዋ እንዳለ ጢጣ ሄደች።

ሶፎንያስ ሲያያት ከመቀመጫው ተነሣ። «አላህ ያጥናዎት» አለ። ቀጥሎ አመነታ፤ ከዚያ በፊት ሲያመነታ አይታው አታውቅም። «ከመሰረዝዎ በፊት አንድ ጊዜ ይስሙት። ደንብ ሆኖ አይደለም። እኔ ነኝ የምለምንዎት።»

ወንበርና ድምፅ ማውጫ ብቻ ወዳለበት ትንሽ ክፍል አስገብቷት በሩን ዘጋ።

መጀመሪያ የተሰማት የወንበር ጩኸት ነው። ከዚያ አባቷ ሳለ።

«ጀመረ?» ይላል።

«ጀምሯል፣ አባቴ» ይላል የሶፎንያስ ድምፅ። በር ይዘጋል።

ያቺ የጠራች ድምፅ በአምባሰል ተነሣች። ከእሷ ሥር፣ ቅርብ፣ ጆሮዋ ሥር የተቀመጠ ያህል ቅርብ፣ የአባቷ ትንፋሽ አለ፤ ሲገባ እንደ ወናፍ ያፏጫል፣ ሲወጣ ይሰበራል።

«ኢኩ» አለ አባቷ። «ይህን ስትሰሚ እኔ የለሁም። ይቺ እናትሽ አይደለችም። የመጀመሪያው ቀን ነው ያወቅሁት። አልተቀየምኩሽም። ለኔ ትንፋሽ ብለሽ ነው። እኔም ትንፋሼን የት እንደማውለው አሰብኩበት።» አረፈ። ዘፈኑ ያልፋል። «ቤት ሆኜ ብነግርሽ ቃሌ ካንቺ ጋር ያልቃል። በዘር ባስቀምጠው ነገ ሌላ ይናገራል። ሙሉ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ሁሉ ይይዛል አለኝ ልጁ። ሳሌንም? አልኩት። ሳልዎንም አለኝ። እንግዲያ እሱ ነው አልኩ። አሁን ዝም ብለሽ ስሚ። ካሴቱ ላይ የነበረውን በየቦታው እነግርሻለሁ።»

ኢክራም ወንበሩን በሁለት እጇ ያዘች።

«እዚህ ላይ ሳቀች። መቅዳቴን ያወቀችው እዚህ ጋ ነው። ‹አንተ ሌባ› አለችኝ።» አረፈ። «እዚህ ላይ ድምፅዋ ተሰንጥቋል። ጉንፋን ይዟት ነበር። ይቺ አልተሰነጠቀችም።» አረፈ። «አሁን አንድ የጭነት መኪና አለፈ፤ የሱቁ መስታወት ተንቀጠቀጠ። እስኪያልፍ ጠበቀችው። ዘፈን የምትጠብቅ ሴት ነበረች።»

ትንፋሹ እየከበደ ሄደ። በየቃሉ መካከል ያቺ ድምፅ ብቻዋን ትሄዳለች፤ ምንም አይከብዳትም።

«እዚህ ላይ… አንቺ አለቀስሽ። ጭኗ ላይ ነበርሽ። ዘፈኑን ሳታቋርጥ ጡት ሰጠችሽ። ከዚህ እስከ… እስከዚህ ድምፅዋ ዝቅ ያለው ለዚያ ነው። አንቺ እንዳትደነግጪ። ስትጠቢ ይሰማ ነበር። ካሴቱ ላይ… ይሰማ ነበር፣ ኢኩ። ይቺ ዝቅ አላለችም። ግን እዚህ ነው። ቦታውን ያዢ።»

ኢክራም አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። የራሷን ልቅሶ አልሰማችውም፤ የሰማችው አባቷ ለረጅም ጊዜ አየር ሲፈልግ ነው።

«ቀጥሎ ያለውን…» አለ። «ቀጥሎ ሞሚና…»

ወንበሩ ጮኸ። ሲሊንደሩ ግድግዳ ነካ። ሊናገር ሁለት ጊዜ ሞከረ፤ ሁለቱንም ጊዜ ፉጨት ብቻ ወጣ። ዘፈኑ ገና ግማሹ ነበር። የቀረውን ግማሽ ድምፅዋ አንድም ቦታ ትንፋሽ ሳትወስድ ዘፈነችው።

ኢክራም ስትወጣ ሶፎንያስ በሩ ላይ ነው። ጣቱን መሰረዣው ላይ አላሳረፈም።

«ይቆይ» አለችው።

«ከነክብደቱ?»

«ከነክብደቱ።»

ኢክራም አሁንም ጦሳ ላይ ትሠራለች። ቤቷ ከሮቢት ቤቶች ሁሉ ቀድሞ የሚጨልም ነው፤ ምድጃ የምትለኩሰው በየሁለት ቀኑ ነው። ጎረቤት አንዳንዴ ድምፁን በግድግዳ በኩል ሰምቶ ተበላሽቷል ይላታል፤ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፣ ደግሞ ሽማግሌ ይስልበታል። እሷ ግን ታዳምጠዋለች። አባቷ ዝም የሚልበት ቦታ ሲደርስ ትዘጋዋለች። ከዚያ በኋላ ያለው የማንም አይደለም።